ስንዴ በስንዴ ላይ እየዘራን ሲናር እያጨድን ነው

ይድረስ ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት፤
ለኃላፊው፣ ለሰብል ልማት ባለሙያዎች፣ ዕቅዱን ከበላይ ሆናችሁ ለምታወርዱልንም ሁሉ፤

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ከጮቄ ግርጌ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው የጎጃም ወይና ደጋ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። የ31 አባወራና እማወራ ኩታ ገጠም ማሳ፣ ማለትም አጋጥመን አንድ ዓይነት ሰብል የምንዘራበት ማሳ፣ አስተባባሪም ነኝ። የምጽፈው በእነሱ ስም ነው። ደብዳቤው ተነቦላቸዋል። "ይሄንንም ጨምርበት" ያሉኝን ጨምሬያለሁ። "ይቺን ተዋት" ያሉኝን ግን ሁሉንም አልተውኩም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሚያዝያ የጠራችሁት ስብሰባ ነው። በመጪውም ክረምት ኩታ ገጠሙ ስንዴ እንደሚዘራ ተነገረን። ተነገረን እንጂ አልተጠየቅንም። በአንድ ማሳ ላይ አራት ክረምት በተከታታይ ስንዴ ዘርተናል፤ ይሄ አምስተኛው ሊሆን ነው። እጄን አውጥቼ "ማሳው የሲናር አረም ሆኗል፤ ዘንድሮ ሽምብራ ወይም ኑግ ይግባበት" አልኩ። "ዕቅዱ ወርዷል" ተባልኩ። ዝናብ ሲወርድ እንኳ እኮ ሰው ቀና ብሎ ደመናውን ያያል። እኛ ዕቅዱ የት እንደደመነ ሳናይ ነው የወረደብን።

ስንዴ ጠልተን አይደለም። ኩታ ገጠምም ጠቅሞናል። አብሮ ማረስን፣ ኮምባይነር ተከራይቶ ማስገባትን፣ ማዳበሪያ ባንድ ላይ ማምጣትን የተማርነው በሱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ጎተራ የሚሞላ ነበር። ሁለተኛውም ክፉ አልነበረም። በሦስተኛው ነው ጉዱ የመጣ።

ቅሬታችን ከሲናር ይጀምራል፤ ስለሱ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘቡኝ። ሲናርን አታውቁትም ብዬ አይደለም። ግን ቢሮ ሲገቡ የሚረሳ ነገር ይመስለኛል።

ሲናር ብልጥ ነው። ከስንዴው ጋር ይበቅላል። ቅጠሉ የስንዴን ቅጠል ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሳ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን የሚለይ ዓይነ ስል ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው አራሚ ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል። መስከረም ላይ ግን አናቱን ከስንዴው በላይ አውጥቶ ይወዛወዛል። ያኔ ሁሉም ያውቀዋል። ምን ዋጋ አለው? በብድር የገዛነውን ማዳበሪያ በልቶ ጨርሷል። ይባስ ብሎ ከስንዴው ቀድሞ ይደርሳል። ፍሬው ከአናቱ ጀምሮ መርገፍ ይጀምራል። ኅዳር ላይ ኮምባይነሩ እስኪመጣ አብዛኛው ዘር መሬት ነክቷል። እኛ ገና ሳናጭድ እሱ የከርሞውን ዘርቶ ጨርሷል ማለት ነው።

የረገፈው ሁሉ ደግሞ በዓመቱ አይበቅልም። ከፊሉ አፈር ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት ይቆያል። አንዱ ክረምት ላይ ማረሻ ወደ ላይ ሲያመጣው ይነቃል። ስንዴ በስንዴ ላይ ስንዘራ መሬታችን ለሲናር የቁጠባ ደብተር ሆነለት። በየዓመቱ ከሚያወጣው የሚያስገባው ይበልጣል።

የራሴን ማሳ ልንገራችሁ። በኩታ ገጠሙ ውስጥ ሁለት ጥማድ አለኝ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንድ ጥማድ አለችኝ። ከኩታ ገጠሙ ውጭ ስለሆነች እንደ አባቴ ነው የማርሳት። ኑግ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ እያልኩ አፈራርቃታለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለቱም ቦታ ላይ ስንዴ ነበር። ዘሩ አንድ ነው፤ ማዳበሪያው አንድ ነው፤ በሬዎቹም እነዚያው ናቸው። የማዶዋን እኔና ባለቤቴ ሁለት ቀን አረምናት፤ በቃን። በኩታ ገጠሙ ማሳ ላይ ግን ስድስት ሰው በወንፈል አምስት ቀን ዋለበት። እንዲያም ሆኖ መስከረም ላይ ሲናሩ ከስንዴው በላይ ቆመ። ከላይ ከደጋው ለገበያ የሚወርዱ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ "እናንተም እንግዶ መዝራት ጀመራችሁ?" ብለው ሳቁብኝ፤ እንግዶ በደጋ የሚዘራ፣ ሲናር የሚመስል እህል ነው። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

የማዶዋ ማሳ ምሥጢር የላትም። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ። እስከዚያ ድረስ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል። በሰኔና በሐምሌ የበቀለው ሲናርና አሰንዳቦ የሚባለው ሣር ዘር ሳይጥል በማረሻ ያልቃል። መርጫም ብርም አይጠይቅም። ኑግ ደግሞ አንዴ ከተነሣ ታች ያለውን በጥላው አፍኖ ይይዛል፤ ውኃ በሚቋጥር መሬት ላይም አይሰንፍም። ባቄላ ውስጥ ሲናር ቢበቅል ትንሽ ልጅ እንኳ ይነቅለዋል፤ አይመሳሰሉማ! ድንች ሲኮተኮት አረሙ አብሮ ይገለበጣል። አንዱ ሰብል የሚያለምደውን አረም ሌላው ያስወጣዋል። አባቶቻችን መሬቱን የሚያፈራርቁት ጉልበት እንዲያገኝ ብቻ መስሎን ነበር። ለካ አረሙንም ግራ እያጋቡት ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር አንድ ዓመት ማፈራረቅ ተአምር አይሠራም። የተኛው ዘር ብዙ ነው። ቢያንስ ሁለት ክረምት ስንዴም ገብስም የማያይ መሬት ያስፈልጋል። ባቄላም የራሱ ጣጣ አለው፤ ገና ለጋ ሳለ መጭና ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች ይጫወቱበታል። እነሱን ግን በእጅም ሆነ በቀጣዩ የስንዴ ዓመት በርካሽ መድኃኒት እንችላቸዋለን። ያቃተን ከስንዴ ጋር ወንድም የሚመስለው ነው።

ይሄን ስናነሣ ሁልጊዜ የምታቀርቡልን መልስ "መድኃኒት አለ" የሚል ነው። ሁለተኛው ቅሬታችን እሱ ነው።

ለብዙ ዓመት ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ረጭተናል። ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን እንጂ ሣር ቅጠሉን አይነካም። መጩንና መሰሎቹን አጸዳልን። ማሳው የጠራ መሰለን። ባዶውን ቦታ ሲናር፣ ሙጃ፣ አሰንዳቦና እንክርዳድ ወረሱት። ቤት ጠርገን ለሌላ ተከራይ እንደሰጠን ቁጠሩት።

ሣር ቅጠሉን የሚገድለው መድኃኒት ሌላ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ እሱንም አንሥተን ተከራክረን ነበር። ከዋጋው ይልቅ የሚጎዳን ጊዜው ነው። መረጨት ያለበት አረሙ ገና ትንሽ ሳለ፣ ጥቂት ቅጠል ሲያወጣ ነው። ባለፈው ክረምት እጃችን የገባው ሲናሩ ጉልበት ከደረሰ በኋላ ነበር። ሰዉ ብድር ገብቶበታል፤ ስለዚህ ረጨው። ሲናሩ ትንሽ ቢጫ ሆኖ ዘመመ፤ ከዚያ ተመልሶ ተነሣ።

ደግሞም በየዓመቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ማሳ ላይ ሲረጭ የማይሞቱ ጥቂቶች ይተርፋሉ። ዘር የሚጥሉት እነሱ ናቸው። ከርሞ የሚበቅለው የእነሱ ልጅ ነው። እንደ ካናዳና አውስትራሊያ ያሉ ስንዴ አብቃይ አገሮች መድኃኒት የማይገድለው ሲናር ካስቸገራቸው ቆይቷል። እነሱ በሰፊ መሬትና በትልቅ ትራክተር ያቃታቸውን እኛ በሁለት ጥማድ አንችለውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ የአንዲት እማወራ ጉዳይ ይነሣ። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። በኩታ ገጠሙ ጫፍ ላይ ባላት ግማሽ ጥማድ ባቄላ ዘራች፤ ለሽሮዋ፣ ለጾሟ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ ሲረጭ ነፋሱ ወደ እሷ ማሳ ወሰደው። በጥቂት ቀን ውስጥ የባቄላው ግንድ ተጠማዘዘ፤ ቅጠሉ ተኮማተረ። አበባውም ረገፈ። አቤት ልትል ብትሄድ "ከኩታ ገጠሙ ማን ውጪ አለሽ?" ተባለች። ካሳው ይቅር፤ "አይዞሽ" ያላት እንኳ የለም። ጎረቤቷ ክፉ ሰው አይደለም። ነፋስ ሲኖር እንዳይረጭ የነገረው ሰው የለም። የረጨውም ከገበያ በውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የተሸጠለትን ነው። በላዩ ላይ መጠኑም ጥንቃቄውም አልተጻፈበትም።

ሦስተኛው ቅሬታችን ገበያ ነው። ስንዴያችንን ስንወስድ ባዕድ ነገር አለው እየተባለ ከዋጋው ይቆረጣል። ቆራጩን አንወቅስም፤ እውነቱን ነው፤ አለው። እንክርዳድ እንደ ሲናር አይረግፍም። ፍሬው ከስንዴው ጋር ይታጨዳል፤ መጠኑም ስለሚቀራረብ በመንሽም በወንፊትም በቀላሉ አይወጣም። ሲበላ ራስ እንደሚያዞርና እንደሚያሰክር እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ከእኛ መካከል አንዱ ለዘር ያስቀመጠውን ስንዴ ባለቤቱ በእጇ ስትለቅም ከረመች። አንድ ኩንታል በእጅ! በስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ "በማቴዎስ ወንጌል 13 ላይ እስከ መከር አብረው ይደጉ ተብሏልና እንተወው ይሆን?" ብለው አሳቁን። እዚያ የተነገረው ስለ ሰው ነው እንጂ ስለ ኩታ ገጠም አይደለም።

ኮምባይነሩም አለበት። ከአንዱ ማሳ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሌላው ይገባል። ከሌላ ወረዳ ሲመጣ ደግሞ የዚያን አገር አረም በሆዱ ይዞ ይመጣል። አፅዱት ብንል ባለ ማሽኑ "ሰዓቱ ይቆጥራል" ይለናል። በእኛ በኩል ባለፉት ሁለት ዓመታት ሙጃ መጀመሪያ የታየው ኮምባይነሩ በገባበት ዳር ነው።

አራተኛውን በአጭሩ ላንሣ፤ ሴቶቹ ግን "አጭር አይደለም" ብለውኛል። አረም የሚያርመው ማን ነው? በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ሲናር የሚለየው መስከረም ላይ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ማሳ ውስጥ ናቸው። ሰው በቀን ሥራ ቀጥሮ ማሳረም ደግሞ ለአቅመ ደካማ አይታሰብም።

የንቦቹን ነገር የጻፍኩት አንድ አባላችን ስለለመነኝ ነው። ማሳው ሁሉ ስንዴ ሆኖ የኑግ አበባ ጠፋ። የድንበሩ አደይ አበባና መጭም በመድኃኒት አለቀ። ከአምስት ቀፎ ሁለቱ ቀሩት። "ማሩን ለማን ላስረዳ?" ይላል።

እኛም ጥፋት አለብን፤ አንደብቅም። ማፈራረቁን የተውነው በእናንተ ብቻ አይደለም። ባቄላን የሚያኮማትረው በሽታ ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጧል። ከፍ ብለው ያሉት አባሎቻችን መሬት ኮምጣጣ ሆኖ ባቄላ አልበቅልም ብሏቸዋል። ከ1989ኙ የመሬት ድልድል ወዲህ የብዙዎቻችን መሬት ጠባብ ነው፤ ልጅ ሲያድግ ደግሞ ይካፈላል። አንድ ጥማድ ያለው ሰው ሽምብራ ከዘራ ስንዴ ከየት ይብላ? ይሄ ይገባናል። ጓያ ዝሩ እንዳትሉን ግን አደራ፤ መሬቱን ይወደዋል፤ አብዝቶ የበላውን ሰው እግር እንደሚያሽመደምድ ግን አያቶቻችን አይተውታል።

ታዲያ በሽታ የሚቋቋም የባቄላ ዘር ይመጣል ከተባልን ሦስት ዓመት ሆነ። የመሬቱን ኮምጣጣነት የሚቀንስ ኖራም ይመጣል ተብሎ ነበር። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ግን በሰዓቱ ይመጣል። ስለዚህ ሰው የመጣለትን ይዘራል። "አርሶ አደሩ ራሱ ስንዴ መርጧል" ብላችሁ ሪፖርት ስትጽፉ ይሄንንም ጻፉ።

የቀበሌያችንን የልማት ሠራተኛ በዚህ እንዳትይዙብን። ልጁ ያውቃል። በአርሶ አደር ማሰልጠኛው "ሰብል አፈራርቁ፤ አረም ይቀንሳል" ብሎ ያስተማረን ራሱ ነው። የፓኬጁ መጽሐፍም እንደዚያ ይላል። ሲገመገም ግን ስንት ሄክታር ስንዴ ሸፈንክ ይባላል እንጂ ስንት ሄክታር ከሲናር አዳንክ አይባልም። ምን ያድርግ?

የምንጠይቀው እንዲህ ነው።

ኩታ ገጠሙ ይቆይ፤ ሰብሉ ይዙር። ማሳውን ሦስት ቦታ እንክፈለው። አንደኛው ክፍል ስንዴ ይሁን፤ ሁለተኛው ጥራጥሬ፤ ሦስተኛው ኑግ ወይም ጎመንዘር። በየዓመቱ ይዙር። ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሰብል ስለሚዘሩ መድኃኒት የሰውን ባቄላ አያቃጥልም። ኮምባይነሩም በስንዴው ክፍል ይገባል። በሪፖርታችሁም ላይ ስንዴ አይጠፋም። እንዲያውም በአንድ ሦስተኛው መሬት ላይ የሚገኘው ስንዴ ከሲናር የጠራ ይሆናል። በመሬት ጠባብነት የሚቸገሩትን በተመለከተ፣ የስንዴው ክፍል የደረሳቸው ለሌሎቹ በእህል እንዲለዋወጡ እርስ በርሳችን ተነጋግረናል። እሱን ለእኛ ተዉት።

የሽምብራና የባቄላ ዘር እንደ ስንዴው በሰዓቱ ይቅረብልን። ባቄላው ከሰኔ በፊት፣ ሽምብራው ከነሐሴ መጨረሻ በፊት። ለከፍተኛው ቦታ ኖራ ይምጣ። ኖራው ካልደረሰ በዚያ መሬት ላይ ግብጦ እንድንዘራ አትከልክሉን፤ ግብጦ ኮምጣጣ መሬት አይፈራም።

ኮምባይነር ወደ ቀበሌያችን ከመግባቱ በፊት ተራግፎና ተጠርጎ እንዲገባ አስገድዱልን። እኛ ስንል አይሰሙንም።

የሣር ቅጠል መድኃኒት የሚመጣ ከሆነ አረሙ ሳያድግ ይምጣ። በየዓመቱም አንድ ዓይነት አይሁን። ረጪዎቻችን ሥልጠና ያግኙ። በፕላስቲክ እየተቀዳ የሚሸጠውን የሚቆጣጠር ሰው ይመደብ። ባቄላዋ ለተቃጠለባት እማወራ ደግሞ ቢያንስ የዘንድሮውን ዘር ስጧት።

በመጨረሻም አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከእኛ ሩቅ አይደለም። ባለሙያ ላኩልን ብላችሁ ጻፉላቸው። መጥተው የኩታ ገጠሙን ማሳና የእኔን የማዶ ማሳ ጎን ለጎን ይዩ። ከሁለቱም አፈር ወስደው የተኛውን ዘር ይቁጠሩ። ከብዙ ስብሰባ ይሄ ቆጠራ ይሻለናል። የማዶዋን ማሳ መንገድ እኔ አሳያቸዋለሁ፤ ቡናውም አይቀርም።

መልሳችሁን ከሰኔ ሚካኤል በፊት እንጠብቃለን። ከዚያ በኋላ ዘሩ መሬት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፤

የኩታ ገጠም ማሳው አስተባባሪ
ከ30 አባል አርሶ አደሮች ጋር
ጎጃም፣ ግንቦት